ሰላምታ ያጣው የመኪና ረዳት

አዲስ አበባ፤ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ፤ ደብረ ወርቅ።

ከተለየሁዎ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? የደብረ ወርቅ ማርያም ጥላዋን አታንሣብዎ። እኔ የእህትዎ ልጅ እንዳላማው፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ነገር ሊያስቆጣዎ ይችላልና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። እሠራበት ከነበረው ጋራዥ ወጥቻለሁ። ሲኞር ቤፔ የሚባል ጣሊያን በደብረ ማርቆስ መንገድ ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ አስገብቶ ረዳት አድርጎ ቀጥሮኛል። ረዳት ማለት እንዲህ ነው፤ ጣራው ላይ ወጥቼ ዕቃ እጭናለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማው ሥር ግንድ እሸጉጣለሁ። ግንዱን ታኮ ይሉታል። በዓባይ በረሃ ያን ሁሉ ሰው ከገደል የሚያስጥለው አንድ ቁራጭ ወይራና እኔ ነን።

ሰዉ በመጀመሪያው ቀን ሲሳፈር ቢያዩ ሆድዎን ይዘው ይስቁ ነበር። አንድ ቄስ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። «አባ፣ ምነው?» ብላቸው፣ «የሰው ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ጫማው አዲስ አበባ ቀርቶ እሳቸው ፍቼ ደረሱ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሁሉም እንዳያጥወለውለው ሎሚውን አፍንጫው ላይ ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል። ከፊት ያሉት ሁለት ወንበሮች ለነጭ የተተዉ ናቸው፤ ባዶ ሆነው ሲሄዱ እንኳ ሽማግሌ አይቀመጥባቸውም። ይህ ብቻ ያናድደኛል።

የሚሉኝን አውቃለሁ። አባቴ ባዘዘው ጣሊያንን ሲዋጋ በዱር ወድቆ ልጁ የጣሊያን መኪና ይገፋል ይሉኛል። እኔ የምጭነው ሰው ነው አጎቴ፤ ጥይት አልጭንም። መኪናው ደብረ ማርቆስ ያድራል። የይለፍ ወረቀቴ ከከተማው አያስወጣኝም እንጂ ከዚያ እናንተ ዘንድ የሁለት ቀን መንገድ ነበር።

እናቴ እንዴት ናት? ሰላምታዋን ይላኩልኝ። ደብዳቤዎን ደብረ ማርቆስ ላለው ነጋዴ ለሙላት ቢሰጡት ከእጄ ያደርሰዋል።

ልጅዎ እንዳላማው ባዘዘው


ደብረ ወርቅ፤ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳላማው ባዘዘው።

ያን በረሃ በየጊዜው የሚያሻግርህ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤህ የገባልኝ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ሙላትን አትውቀሰው፤ ለምን እንደ ተዘጋም አንተ ታውቀዋለህ።

የቄሱን ጫማ ነገር ለደብተራዎቹ ባነብላቸው በዓሉን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ። እኔ በበኩሌ ጫማዬን አላወልቅም፤ መኪናው ውስጥ ነው የማልገባው። እግዚአብሔር በቅሎን የፈጠረ ዳገት ላይ ታኮ እንዳያስፈልጋት አድርጎ ነው።

ባለቤቴ አመተ ማርያም ጉንጭህን ትስምሃለች። ጎረቤታችን ደምለው ወንድ ልጅ ወልዶ ክርስትና አነሣሁለት፤ እሱም እጅ ይነሣሃል። ዳልቻው በሬህ ወፍሯል። ውሻው እንኳ ስምህ ሲጠራ ጆሮውን ያቆማል። ጤፉ ዘንድሮ መልካም ነበር፤ ባቄላውን ዋግ መታው።

ከዚያ መኪና ብትወርድ ደስ ይለኛል። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የወላዲተ አምላክ ምልጃ በሄድህበት ይከተልህ።

አጎትህ አካለ ወልድ


አዲስ አበባ፤ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ።

አጎቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ባለቤትዎ ሰላም ብለውኛል፣ ደምለው እጅ ነሥቶኛል፣ በሬው ወፍሯል፣ ውሻው ጆሮውን አቁሟል። እናቴስ? ውሻን ያህል ያስታወሰ ሰው የገዛ እህቱን እንዴት ይረሳል? ቸኩለው ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ቸኩለው ጽፈው አያውቁም።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ ቅቤ ነጋዴዋ ማንጠግቦሽ፣ ያች የሰፈራችን ሴት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ተሳፈረች። ቅቤዋን ጣራ ላይ ጭኜ እንደ ወረድሁ፣ «እናቴን አየሻት?» አልኋት። ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገችና፣ «አገርህ ስትገባ ትሰማዋለህ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ሸሸችው። እኔም ታኮ ሳነሣና ስጥል፣ ሰው ሲወርድና ሲወጣ፣ እሷን እሷን ነበር የማየው። አዲስ አበባ ስትወርድ ትከሻዬን ዳሰስ አድርጋ፣ «አይዞህ» አለችኝ።

አይዞህ የሚባለው ምን የሆነ ሰው ነው አጎቴ?

ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም። ወሬውም፣ የጤፉም ነገር፣ የባቄላውም ነገር ይቅርብኝ። እናቴ እንዴት ናት? አንዲት መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ እንዳላማው


ደብረ ወርቅ፤ ሚያዝያ ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳላማው።

ክርስቶስ ተንሥአ ብዬሃለሁ። ቤታችን በደኅና ፈስኳል።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር በወረቀት የምመልስልህ የለኝም። አንደበቴ የታሰረ ነው። አንተ ብቻ መኪናውን ትተህ ወደ ቤትህ ና፤ ከደጃፉ ስትደርስ በአፍ ይነገርሃል። እስከዚያው አይዞህ፤ ልብህን አጽና።

ለሙላት ጋቢ ሰጥቼልሃለሁ። የማን እጅ እንደ ፈተለው ሳይነግሩህ ታውቀዋለህ። በደንብ አድርገህ እየው፤ የላክሁልህ አስቤበት ነው።

ክረምቱ ሳይገባ ብትመጣ ይሻል ነበር።

አጎትህ አካለ ወልድ


አዲስ አበባ፤ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ።

እግዚአብሔር ያጽናዎ። እኔንም እንዲያጸናኝ ይጸልዩልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ወዲያው ቁልቁለቱን ናዳ በላውና አውቶቡሱ ክረምቱን ሙሉ ቆመ፤ የምልክበት ሰውም አጣሁ። ማጣቴም ደግ ሆነ እላለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም ነበርና።

አጎቴ፣ ገብቶኛል። በእኛ አገር ሞት በወረቀት አይላክም። መጀመሪያ ዝም ይባላል፤ ቀጥሎ «ና» ይባላል፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። የደምለው አባት ሲሞት «ና፣ በአፍ ይነገርሃል» ብለው ከእርሻው የጠሩት እርስዎ ነበሩ። አብሬዎ ስለ ነበርሁ ቃሉን አልረሳሁትም። የእኔ ሲደርስ ያንኑ ቃል ጻፉልኝ።

ጋቢው ደርሶኛል። ክሩን በጣቴ ሳሻሸው የእናቴ ፈትል መሆኑን አወቅሁት፤ እንደ እሷ አቅጥኖ የሚፈትል ሰው በአገሩ የለም። የመጨረሻ ሥራዋ ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልለበስሁትም። አጥፌ ራስጌዬ አኑሬዋለሁ።

ፀጉሬን ተላጭቻለሁ፤ ጥቁር ለብሻለሁ። የጎረቤት ሰዎች ድንኳን ሳይተከል፣ መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ማንን ታለቅሳለህ ይሉኛል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ብቻዬን አለቀስሁ።

መንገዱ ሲከፈት አንድ ጊዜ ወጥቼ ወርጄ አየሁት። አልሆነልኝም። እስከ ዛሬ ያልነገርሁዎትን ልንገርዎ፤ ይህን ሥራ የያዝሁት ለመኪናው ፍቅር አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ባደርን ቁጥር ዕቃውን አውርጄ እንደ ጨረስሁ ከከተማው ዳርቻ ካለችው ጉብታ እወጣ ነበር። ከዚያ ወደ ደብረ ወርቅ በኩል እቆማለሁ። ምንም አይታይም። ቢሆንም እናቴ በዚያ አቅጣጫ ናት፣ ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ናት እያልሁ እጽናና ነበር። አሁን ያች ጉብታ ላይ ቆሜ ወዴት ልይ? ለማንስ ብዬ ነው ያን በረሃ የምወጣ የምወርደው?

ስለዚህ ወርጃለሁ። ታኮውን ከበሩ ሥር አስቀምጬ ለሲኞር ቤፔ በቃኝ አልሁት። «ምን ጎደለህ?» አለኝ። «እናቴ» አልሁት። ቆቡን አወለቀ። አሁን፣ አገር ቤት የሚያደርስ ይለፍ እስካገኝ፣ በአንድ አርመን ወፍጮ ቤት እህል እፈጫለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጧፍና ዘቢብ ልኬያለሁ። ዘቢቡን ለቤተ ክርስቲያን ይስጡልኝ፤ ጧፉን በተዝካሯ ቀን ያብሩልኝ። ተዝካሯ አልፎም ከሆነ ለሙት ዓመቷ ይሁን። ቀኑን አላውቀውምና ቀኑን ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም። እንዴት እንዳረፈች፣ ስሜን ጠርታ እንደ ሆነም ይጻፉልኝ።

ሐዘንተኛው ልጅዎ እንዳላማው


ደብረ ወርቅ፤ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳላማው።

ሰላምታውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። አስቀድመህ ይህን ስማ፤ እናትህ የብርጓል አልሞተችም። በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ጻፍኸው? ምን ብለህ ጻፍኸው? ድገምልኝ» እያለች መከራዬን ታሳየኛለች። አንድ ጥርሷን አሟት ከነበረው በቀር ታማ አታውቅም።

ተንፍስ። አሁን ከሥሩ ልንገርህ።

የመጀመሪያው ደብዳቤህ የመጣ ቀን ለእሷ ነበር ያነበብሁላት። ረዳት ሆኛለሁ ያልህበት ላይ ስደርስ ተነሥታ ቆመች። «ልጄ ከጣሊያን መኪና እስኪወርድ ድረስ ሰላምታዬ አይደርሰውም። ደኅና ናትም፣ ታማለችም እንዳትለው። በደብረ ወርቅ ማርያም ይዤሃለሁ፣ ስሜን እንዳታነሣ» አለችኝ። ወዲያው ቅቤ ይዛ ወደ ደብረ ማርቆስ የምትወርደውን ማንጠግቦሽንም ጠርታ በማርያም ያዘቻት። በማርያም የተያዘ ሰው፣ ያውም የማርያም መሪጌታ፣ ምን ይሁን? ታላቅ እህቴ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አሸንፌያት አላውቅም።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ መላ መታሁ። ስሟን ሳላነሣ ጋቢውን ልላክለት፤ የዘንድሮ ጥጥ መሆኑን፣ አዲስ ፈትል መሆኑን አይቶ ያውቃል አልሁ። አንተ ደግሞ አጥፈህ ራስጌህ አኖርኸው! «ና፣ በአፍ ይነገርሃል» ብዬ መጻፌ መርዶ መምሰሉም የገባኝ አሁን ካንተ ደብዳቤ ነው። ስንቱን ሰው መርዶ ያረዳሁ ሰው፣ የራሴን ቃል ሳላውቀው ቀረሁ። ማንጠግቦሽም ብትሆን «አይዞህ» ያለችህ እናትህ ስለ ተቀየመችህ አዝናልህ ነው። በሁላችንም ፈንታ እኔን ይቅር በለኝ።

አሁን የሆነውን ስማ። ደብዳቤህን ሙላት ከጧፉና ከዘቢቡ ጋር አምጥቶ ሰጠኝ። እታለም፣ እናትህ፣ እንደ ልማዷ ከበሩ አጠገብ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች። ደብዳቤህ ሲነበብ ሁልጊዜ እዚያው ናት፤ «እኔ አልሰማም» ትላለች እንጂ ከቤት ወጥታ አታውቅም። እኔም ለአመተ ማርያም የማነብላት መስዬ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። የላክኸውን ጧፍ አይቼ ግራ ገብቶኝ ነበር። ንባቡን ጀመርሁ። ከተዝካሩ ላይ ስደርስ እንዝርቱ ቆመ።

«ማን ነው የሞተው?» አለችኝ።

«አንቺ» አልኋት።

አመተ ማርያም መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እታለም ግን ብድግ ብላ መጣችብኝ። «አንተ ደብተራ! ምን ብለህ ብትጽፍለት ነው የቀበረኝ?»

«በማርያም ይዘሽኝ!» አልኋት።

«ስሜን አታንሣ አልሁህ እንጂ ግደለኝ አልሁህ?»

ከዚያ ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድላት፣ «እስቲ ያችን የጉብታዋን ነገር ድገምልኝ» አለችኝ። ደገምሁላት። ያን ጊዜ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም ደብዳቤውን አጠፍሁ። ባሏን ባዘዘውን በቀበርን ጊዜ እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም።

ዘቢቡን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተናል። ጧፉን ግን አላስነካችንም። «ለእኔ የመጣ ነው፤ በቁሙ የተላከለትን የሚያገኝ ስንቱ ነው?» ብላ ይዛው ሄዳ፣ በማርያም ፊት በገዛ እጇ አበራችው። ለራሷ ተዝካር የተላከ ጧፍ ራሷ ስታበራ ያየ ቄስ ሁሉ ይስቃል። መንደሩ ሌላ ወሬ የለውም። ደምለው «የተዝካሩ ጠላ መቼ ነው?» እያለ ደጃፌ ላይ ይመላለሳል።

ከዚያም ከመሐላው ፈታችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። አንድ ፊደል እንዳልጨምርና እንዳልቀንስ አስጠንቅቃኛለች፤ በማርያም ግን አልያዘችኝም፤ እሱን እንኳ ተማረች።

«ይድረስ ለእንዳላማው።

ሰላምታ ቆይ። መጀመሪያ ነገሬን ስማ።

በቁሜ ፀጉርህን ተላጨህልኝ? ያንተ ራስ ሲላጭ ቅል ነው የሚመስለው፤ ቶሎ አብቅለው። ጥቁሩን አውልቅ። ጋቢውን ከራስጌህ አንሥተህ ልበሰው፤ ለብርድ ብዬ ነው የፈተልሁት፣ ለሐዘን አይደለም። ሳትለብሰው ክረምቱ ማለፉን ስሰማ ከሞቴ ወሬ ይልቅ እሱ አናደደኝ።

አባትህን የጣለው መድፍ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ልጅሽ በዚያው መንገድ ላይ ለጣሊያን መኪና ግንድ ተሸክሞ ይሮጣል ሲሉኝ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ልጠላህ ሞክሬ ነበር። እምቢ አለኝ። የምነፍግህ ነገር ፈለግሁና ከሰላምታ በቀር አጣሁ፤ እሱን ነፈግሁህ። አጎትህ ሲያነብ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። የቄሱን ጫማ ነገር አመተ ማርያምን በዓይኔ እየጠቀስሁ ሦስቴ አስደግሜያለሁ።

እንዲያ ቆመህ ወደ እኔ ስታይ እንደ ነበር አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ እኔም በዚህ በኩል ካለው ኮረብታ እወጣ ነበር።

አሁን ወደ ቤትህ ና። በዚያ መኪና ተሳፍረህ እንዳትመጣ፤ በእግርህ ና። አገሩ የራሳችን የሆነ ጊዜ መኪና ብትይዝ አልከለክልህም። ያን ጊዜ እኔም እሳፈራለሁ። የምቀመጠው ከፊት ካሉት ከሁለቱ ወንበሮች ባንዱ ላይ ነው። ጫማ የለኝም እንጂ ቢኖረኝም አላወልቅም። አንተ ታኮህን በደንብ ያዝ፤ እኔ ሎሚዬን እይዛለሁ።

አንተ ከመኪናው ወርደሃል። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ። እንግዲህ፤

እንደምን ሰነበትህ፣ ልጄ እንዳላማው? እኔ እናትህ የብርጓል፣ ማርያም ትመስገን፣ ደኅና ነኝ።»